ዲፕሎማ የማይሰጠው ኮሌጅ፦ ባልና ሚስቱ በቲሎኒያ መንደር

«ከፖሊስ ሸሽተህ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም።»

«ፈተና ወድቀህ ነው?»

«አልወደቅኩም።»

«እንግዲያው የመንግሥት ሥራ ከልክለውህ ይሆናል።»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ያልነገርከን ነገርማ አለ።»

ጠያቂዎቹ በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በራጃስታን ግዛት የምትገኝ ቲሎኒያ የምትባል መንደር ሽማግሌዎች ናቸው። ተጠያቂው ባንከር ሮይ የሚባል የዴልሂ ምሩቅ ሲሆን ነገሩን በ2011 ቴድ በሚባለው የንግግር መድረክ ላይ በዚህ ዓይነት አስቆ ተርኮታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሽማግሌዎቹ አይፈረድም። እነሱ የሚያውቁት ትምህርት ልጅን ከመንደር ያወጣል እንጂ ወደ መንደር አይመልስም። የኛስ አገር ሽማግሌ ቢሆን? ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሞፈር ሊጨብጥ የተመለሰን ልጅ ጠበል ይዘውት ይሄዳሉ እንጂ እሰይ አይሉትም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በመጨረሻ አንድ ምክር ሰጠው፤ ኮሌጅ የምትከፍት ከሆነ ዲግሪና ማዕረግ ያለው ሰው እዚህ አታምጣብን። ሮይ ምክሩን ቃል በቃል ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ፣ የተሳካውም የተበላሸውም፣ ከዚህች ምክር ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለቱ ሰዎች

ባንከር ሮይ (የመዝገብ ስሙ ሳንጂት) በ1945 ቤንጋል ውስጥ ተወለደ። የሀብታምና የባለሥልጣን ልጆች በሚማሩበት በዱን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዴልሂው ሴንት ስቲቨንስ ኮሌጅ ተማረ። የህንድ የስኳሽ ሻምፒዮን ነበር። ዲፕሎማት ለመሆን የሚጎድለው ነገር አልነበረም፤ ቤተሰቡም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። በ1966 እና 67 የቢሃር ግዛት በረሃብ ተመታች። ሮይ በበጎ ፈቃደኝነት ሄዶ ሰው በረሃብ ሲሞት አየ። ሲመለስ ገጠር ገብቼ ጉድጓድ ልቆፍር ነው አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ራሷን ሳተች ይላል። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል በራጃስታን ገጠር ድንጋይ በድማሚት እያፈነዳ የውኃ ጉድጓድ ሲያስጠልቅ ኖረ።

አሩና በ1946 ማድራስ ተወልዳ ዴልሂ ያደገች፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረች ሴት ናት። በ1968 የህንድን የአስተዳደር አገልግሎት ፈተና አልፋ ገባች። ይህ አገልግሎት አውራጃ የሚያስተዳድሩ፣ ሚኒስቴር የሚመሩ ሹማምንት የሚወጡበት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሴት በጣት የምትቆጠርበት ነበር። ሁለቱ በ1970 ተጋቡ። ሲጋቡ ልጅ ላለመውለድ፣ በገንዘብ አንዱ የሌላው ጥገኛ ላለመሆን፣ አንዱ እምነቱን በሌላው ላይ ላለመጫን ተስማምተው ነበር። እኔ ይህን ውል መጀመሪያ ሳነብ የዴልሂ ልሂቃን ቅብጠት መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ የሚቀጥለውን አሥራ ሦስት ዓመት ስከታተል ነው።

በ1972 ባንከር የማኅበራዊ ሥራና የምርምር ማዕከል የሚል ስም ያለው ድርጅት አስመዘገበ። ቲሎኒያ ዳር የተተወ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ነበር፤ መንግሥት በወር 1 ሩፒ አከራየው። አሩና ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሹመቷን ጥላ መጣች። ስለዚህ በወረቀት መሥራቹ ባልየው ነው፤ ሚስቲቱ የሚጻፍላት «ተቀላቀለች» የሚል ነው። ወረቀት በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ስለሚያሳስት ነገሩን እንደዚያው ልተወው አልፈልግም። ድርጅቱ የከተማ ምሁራን ቡድን መሆኑን ትቶ የመንደሩ ሰዎች ተቋም የሆነው ሁለቱም አብረው በሠሩባቸው ዓመታት ነው።

መጀመሪያ የመጡት ምሁራን

ምክሩን ቃል በቃል ወሰደው ብያለሁ፤ በአንድ ቀን ግን አልተገበረውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቲሎኒያ በተማሩ ወጣቶች ተሞልታ ነበር፤ የመሬት ጥናት ባለሙያ፣ ሐኪም፣ የኢኮኖሚ ምሩቅ። ሥራቸውም በአካባቢው ላሉ ከመቶ በላይ መንደሮች የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ማካሄድ ነበር። ጥሩ ጥናት ነው የሠሩት። ችግሩ ምሁራኑ ገሚሱ ሳይቆይ መሄዱ፣ የቀረውም የመንደሩን ሰው ተረጂ አድርጎ ማየቱ ነው።

ነገሩን የቀየረው የእጅ ፓምፕ ይመስለኛል። በ1970ዎቹ የህንድ መንግሥት በየገጠሩ የእጅ ፓምፕ ሲተክል ጥገናው ከከተማ በሚላክ መካኒክ የሚሠራ ነበር። ፓምፑ የሚሰበረው መንደር ነው፤ መካኒኩ፣ መኪናውና መለዋወጫው ያሉት አውራጃ ከተማ ነው። አንዲት ላስቲክ ለመቀየር ሳምንታት ይጠበቃል፤ እስከዚያ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ወደ ኩሬው ይመለሳሉ። ቲሎኒያዎች ከመንደሩ ብስክሌት ጠጋኝ ወይም አንጥረኛ የሚሆን ሰው መርጠው ለጥቂት ወራት አሠለጠኑትና ፓምፑን ለእሱ አስረከቡት። ሰውየው እዚያው ስለሚኖር፣ ፓምፑ ካልሠራ ሚስቱም ስለምትጠማ፣ ጥገናው ፈጠነ። በኋላ የራጃስታን መንግሥት ራሱ ይህን አሠራር ወሰደው። ሴቶችም ገቡበት፤ ሳሪያቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ከባዱን የፓምፕ ቱቦ ከጉድጓድ የሚስቡ ሴቶች መካኒኮች የመንደሩ ወንዶች መሳቂያ ሆኑ፤ ሳቁ ፓምፑ እስኪሠራ ድረስ ቆየ።

ከዚህ በኋላ ድርጅቱ «ባዶ እግር ኮሌጅ» የሚለውን ስም አገኘ። ስሙ የመጣው ቻይና በአጭር ሥልጠና የመንደራቸውን ሰው እንዲያክሙ በገጠሯ ካሠማራቻቸው «ባዶ እግር ሐኪሞች» ነው።

ሙያ በልብ ነው

ሮይ «ባለሙያ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ ያነሳል። የራሱ መልስ ችሎታ፣ በራስ መተማመንና እምነት ያለው ሰው ነው የሚል ነው፤ ምሳሌዎቹም በበትር ውኃ የሚፈልግ ሰው፣ የልምድ አዋላጅ፣ ወጌሻ፣ ሸክላ ሠሪ ናቸው። እንግሊዝኛ ለሚሰማው አድማጭ ይህ አዲስ ነገር ነበር፣ አጨበጨበለት። በአማርኛ ግን ነገሩ ድሮም እንዲሁ ነው። ባለሙያ የምንላት ሴት ዶሮ ወጥ የምትሠራውን፣ ጥጥ የምትፈትለውን ነው፤ ሰርተፍኬቷን የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ወዲያው ደግሞ ሙያ ያለውን ሰው ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ብለን ከማዕድ እናርቃለን፤ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው ዐዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በሌላ አይደለም። ህንድም ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ቆዳ ሠሪውና ጠራጊው የሚወለዱት ከነሙያቸው፣ ከነመገለላቸው ነው።

ስለዚህ ቲሎኒያ ውስጥ መሬት ላይ አብሮ ተቀምጦ መብላት ለጌጥ የወጣ ደንብ አልነበረም። ከላይኛው መደብ የመጣው ከዳሊቱ (ከመደቦች ሁሉ በታች ተደርጎ ከሚገለለው) ጋር በአንድ ወጥ ቤት ይበላል፣ ካልፈለገ ይሄዳል። ደመወዝም ጣሪያ አለው፤ ሮይ በ2011 ሲናገር ማንም በወር ከ100 ዶላር በላይ አያገኝም ብሎ ነበር። ማስተርስና ዶክትሬት ያለው ሰው አይቀጠርም። ተመርቆ ለሚወጣ ሠልጣኝ ደግሞ ወረቀት አይሰጥም።

ይህ የመጨረሻው ደንብ ነው እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት በኛ አገር ሁሉ ነገሩ ወረቀት ነው፤ ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት፣ ቀጥሎ የብቃት ምዘና። ወረቀቱ አይጠቅምም አልልም፤ ቀጣሪ የሚያየው እሱን ነው። የቲሎኒያዎቹ ስሌት ግን በዚሁ ላይ ቆመ። ቀጣሪው የት ነው ያለው? ከተማ። ስለዚህ ለገጠር ልጅ ሰርተፍኬት መስጠት የአውቶቡስ ትኬት መቁረጥ ነው። መንደሩ ልጁን አሳድጎ፣ ቀልቦ፣ አሠልጥኖ ለግዛቲቱ ዋና ከተማ ለጃይፑር ያስረክባል። ወረቀት ካልሰጠኸው ሙያውን የሚያውቁለት ጎረቤቶቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ይቀራል።

ጭካኔ አለበት። አንድ ወጣት ሙያ ተምሮ የትም ሄዶ እንዲሠራበት መብት አለው፤ በመንደሩ ታስሮ እንዲቀር የሚፈርድበት ዱን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው መሆኑ ደግሞ ያሳቅቃል። ይህን ተቃውሞ ብዙዎች አንስተዋል፣ እኔም አነሳዋለሁ። ሮዮች መልስ የሰጡት በክርክር አልነበረም፤ የሚሠለጥነውን ሰው ቀየሩት።

አያቶቹ

የጸሐይ ኃይል ወደ ቲሎኒያ የገባው በ1980ዎቹ ነው። የግቢውን የሶላር መስመር የዘረጋው ስምንተኛ ክፍል ያልዘለለ የሂንዱ ቄስ ነበር። ግቢው ራሱ ከ1986 እስከ 1989 ሲገነባ ሥራውን የመራው ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬ ነው፤ ከእሱ ጋር አሥራ ሁለት ግንበኞች ነበሩ። ጣሪያውን ውኃ እንዳያስገባ የደፈኑት ሴቶች ናቸው፤ ድብልቁ ውስጥ የሸንኮራ ጥፍጥፍ እንደገባ እንጂ ሙሉ ቅመሙን ለወንዶቹ አልነገሩም ይላል ሮይ። የጣሪያው ዝናብ ተጠራቅሞ ግቢው ሥር ወዳለ 400,000 ሊትር ወደሚይዝ ጉድጓድ ይወርዳል።

መጀመሪያ የሶላር ሥልጠናው ለወጣት ወንዶችም ነበር። ሠልጥነው ሄዱ። ወረቀት ባይሰጣቸውም ሄዱ። ከዚያ ነው ሮይ እስካሁን የሚታወቅበትን አባባል ያመጣው፤ ወንድ አይሠለጥንም፣ እረፍት የለውም፣ ሰርተፍኬት ይፈልጋል፣ ሥራ ፍለጋ ከተማ ይሄዳል፤ አያትን አሠልጥን። ዕድሜዋ ከ35 እስከ 50 የሆነ፣ ልጆች ያሏት፣ ብዙውን ጊዜ የልጅ ልጅ ያየች፣ ያልተማረች ሴት ከመንደሯ የትም አትሄድም። (አባባሉ ለመድረክ ይመቻል እንጂ እውነት አይደለም። ቄሱም ወንድ ነበር፣ ግንበኛውም ወንድ ነበር፣ የፓምፕ መካኒኮቹም መጀመሪያ ወንዶች ነበሩ፤ አልሄዱም።)

ሥልጠናው ስድስት ወር ነው። ሴቶቹ የሚማሩት ቻርጅ መቆጣጠሪያ መገጣጠም፣ ሰርኪት ቦርድ ላይ ዕቃ መበየድ፣ ፓኔል መትከል፣ የተበላሸውን መጠገን ነው። እንግሊዝኛም ሂንዲም የማያውቁ ሴቶች ከተለያየ አገር ይመጣሉ፤ አንዷ ስዋሂሊ፣ አንዷ ፈረንሳይኛ የተቀላቀለበት የመንደሯን ቋንቋ ትናገራለች። መምህርቷም ያልተማረች የራጃስታን ሴት ናት። የሚግባቡት በእጅ ምልክት፣ በማሳየትና በቀለም ነው።

በቀለም የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። የሬዲዮ ጠጋኞች እንደሚያውቁት፣ ሬዚስተር በሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ መጠኑ የተጻፈው በቁጥር አይደለም፤ በቀለም ቀለበቶች ነው። ጥቁር ዜሮ ነው፣ ቡናማ አንድ፣ ቀይ ሁለት፣ ብርቱካናማ ሦስት እያለ ይቀጥላል። ፋብሪካዎቹ ይህን ያደረጉት ለማይምን ብለው አይደለም፤ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ነው። ነገር ግን መሐንዲሱም አያቲቱም እዚያ ላይ እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ዕድሜዋን ሙሉ የክርና የጥለት ቀለም ስታዛምድ የኖረች ሴት ዓይኗ ይፈጥናል። ማንበብ አለመቻል ኤሌክትሮኒክስ ለመማር እንቅፋት ነው ብለን ያሰብነው መጽሐፉን እንጂ ዕቃውን ስላላየነው ነው።

ከ2008 ጀምሮ የህንድ መንግሥት በቴክኒክና ኢኮኖሚ ትብብር መርሐ ግብሩ አማካይነት ከድሃ አገሮች ለሚመጡ ሴቶች የአውሮፕላንና የስድስት ወር ወጪ መሸፈን ጀመረ። ከዚያ በፊት ከአፍጋኒስታን የመጡ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ብቻቸውን አንሄድም ስላሉ ባሎቻቸውም አብረው መጡ። ከጋምቢያ፣ ከሴራሊዮን፣ ከማላዊ፣ ከታንዛኒያ፣ ከማዳጋስካር የመጡ አያቶች ተከተሉ። ሮይ ደጋግሞ የሚተርከው የአንዷ ባል የተጨነቀበትን፣ የአንዷ አለቃ አይሆንም ያለበትን ነው፤ ሁሉም ትረካ መጨረሻው ላይ ሴቲቱ እንደ ነብር ሆና ትመለሳለች። ደስ ይላል። ግን ጥያቄው ከተመለሰች በኋላ ያለው ነው።

መብራቱ ከበራ በኋላ

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሴቲቱ ከመሄዷ በፊት መንደሩ ተሰብስቦ ኮሚቴ ይመርጣል። እያንዳንዱ ቤት ለላምባ፣ ለሻማና ለባትሪ ድንጋይ በወር ያወጣ የነበረው ይሰላል። መብራት ሲገባ ያንኑ ያህል በየወሩ ለኮሚቴው ይከፍላል። ከዚያ ገንዘብ የሴቲቱ ደመወዝ ይወጣል፣ የቀረው ለመለዋወጫ ይቀመጣል። መንደሩ ለጥገና የሚሆን አንድ ክፍል ይሰጣል። ማንም ኩራዝ የሚያበራ ቤት ከዚህ የበለጠ ወጪ አይጨምርም፤ ጭሱ ግን ይቀርለታል።

በወረቀት ላይ ይህን የሚያህል ጥሩ ስሌት አላየሁም። ሆኖም እቁብ ሰብስቦ የሚያውቅ ሰው የት ላይ እንደሚላላ ያውቀዋል። የሶላር ባትሪ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞታል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉም ይከፍላል፤ መብራቱ አዲስ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ዝናብ ጠፋ ይላል፣ አንዱ ልጄ ታመመ ይላል፣ አንዱ እኔ ቤትማ አምፖሉ ተቃጥሏል ይላል። ተቀማጩ ሳይበቃ ባትሪው ሲሞት መሐንዲሷ ባዶ እጇን ናት። እጇ ላይ ያለው ሙያ አልጠፋም፤ የሚሠራበት ዕቃ ነው የጠፋው። በዚያ ላይ ርካሽ የቻይና ሶላር ፋኖስ ገበያ ሲገባ ወርኃዊ መዋጮ ለምኔ ይባላል። ይህ የቲሎኒያ ብቻ አይደለም፣ ገጠር ውስጥ መዋጮ የጠየቀ ፕሮጀክት ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ነገር ግን ሥልጠናውን ብቻ እያየን ስናጨበጭብ ይህኛው ይረሳል።

የግቢው ግንባታም ሌላ ጣጣ አመጣ። በ2001 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ለቲሎኒያ ግንበኞች ተሰጠ። ዓለም ያልተማረ ገበሬ ሽልማቱን ወሰደ ብሎ ሲደነቅ፣ አንድ የተማረ አርክቴክት ንድፉ ላይ ሠርቻለሁ ብሎ ተነሣ። ሸላሚዎቹ የእሱንም ድርሻ ዕውቅና መስጠት ሲጀምሩ ኮሌጁ ሽልማቱን መለሰው። ገንዘቡንም ጭምር። ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ ለኔ ከሩቅ አይቻልም፤ ግን አንድ ነገር ይታየኛል። ባለ ዲግሪ እዚህ ድርሻ የለውም ብሎ የቆመ ተቋም ባለ ዲግሪ ድርሻ ቢኖረው እንኳ ለመቀበል ይከብደዋል። ታሪኩ ከእውነቱ ይልቅ ንጹሕ መሆን አለበት። በየቤታችን ያለ ድርጅት ሁሉ ይህ በሽታ አለበት።

ሰባት ሩፒ

እስካሁን ስለ ሙያ ነው ያወራነው። አሁን ወደ አሩና ልመለስ፣ የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነውና።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ራጃስታን ድርቅ ነበር። መንግሥት ለተጎዱት የመንገድ ሥራ ከፈተ፤ እንደ እኛ ሴፍቲኔት ያለ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ከቲሎኒያ ብዙም በማይርቀው በሃርማራ መንገድ ላይ ነበር። ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹ ዳሊቶች ነበሩ። ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ 7 ሩፒ ነው፤ ነገር ግን በቡድን እየተመደቡ የተሠራው ሥራ እየተለካ ከዚያ በታች ይከፈላቸው ነበር። ግዛቲቱ ደግሞ የረሃብ ጊዜ ሥራን ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነጻ የሚያደርግ የ1964 ሕግ ነበራት። ኖርቲ ባይ የምትባል ድንጋይ የምትፈልጥ ዳሊት ሴት ሌሎቹን አስተባብራ ያነሰውን ደመወዝ አንቀበልም አሉ።

ነገሩ በሳንጂት ሮይ ስም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 1983 ዳኛ ብሃግዋቲ የፈረዱት ፍርድ በህንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ከፍሎ ማሠራት ሕገ መንግሥቱ የከለከለው የግዳጅ ሥራ ነው፤ መንግሥት የተራበውን ሰው መቸገር መጠቀሚያ ማድረግ አይችልም አሉ። የ1964ቱም ሕግ በዚህ ረገድ ወደቀ።

በዚያው በ1983 አሩና ቲሎኒያን ለቀቀች።

ጋብቻቸው አልፈረሰም። የተለያየው ሥራቸው ነው፤ ያ የ1970 ሦስተኛ አንቀጽ እዚህ ላይ ነው የተፈተነው። ሁለቱን ቁጭ አድርጎ የጠየቀ ሰው የተለያየ መልስ ያገኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ከሃርማራ መንገድ በኋላ ለምን እንደሄደች ለመረዳት አልቸገርም። ለአንዲት ሴት ፓምፕ መጠገን ልታስተምራት ትችላለህ። የሠራችበትን ቀን መዝገብ የሚይዘው ሹም ግን አምስት ቀን ሠርታ ሦስት ብሎ ቢጽፍ ፓምፕ መጠገኗ አያድናትም። የጎደላት ሙያ አልነበረም፤ መዝገቡ ነው።

በ1987 አሩና ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ዴቭዱንግሪ በምትባል መንደር፣ ከሌላው ገበሬ ቤት በማይለይ የጭቃ ቤት ገባች። ድርጅት ከፍቶ ዕርዳታ መቀበል አልፈለጉም። በግንቦት 1 ቀን 1990 የሠራተኞችና የገበሬዎች ኃይል ማኅበርን መሠረቱ። በታኅሣሥ 1994 ኮት ኪራና በሚባል ቦታ የመጀመሪያውን የሕዝብ ችሎት ጠሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የመንደሩ የሥራ መዝገብና የወጪ ደረሰኝ ተገኝቶ ሕዝብ በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ይነበባል። እከሌ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተከፈለ ሲባል ሰውየው ይነሣና እኔ አልሠራሁም፣ አልተከፈለኝም ይላል። የሞተ ሰው ስም ይነበባል። ያልተሠራ ሕንፃ ተመርቆ ይገኛል። ማንበብ የማይችል ሕዝብ መዝገብ ኦዲት ያደርጋል ማለት ነው። በ1996 ቤያዋር ከተማ ላይ አርባ ቀን ተቀመጡ፣ መዝገቡ የኛ ነው ብለው። ከዚያ የተነሣው ነገር እያደገ ሄዶ በ2005 የህንድ የመረጃ ነጻነት ሕግ ሆነ።

ባንከር ቲሎኒያ ቀረ። አያቶቹን ማሠልጠን ቀጠለ፣ በ2010 የታይም መጽሔት የዓለም መቶ ተጽዕኖ ፈጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። አሩና በ2000 የእስያ ኖቤል የሚባለውን የማግሳይሳይ ሽልማት ተቀበለች።

ኖርቲ

ድንጋይ ፈላጯ ኖርቲ ባይ ከፍርዱ በኋላ ወደ ቲሎኒያ መጣች። ፊደል ቆጠረች፤ ጊዜው ሲደርስ ኮምፒውተር ተማረች። ቁልፎቹን እየለየች በሂንዲ መጻፍ ቻለች፣ ከዚያ ሌሎች ሴቶችን ማስተማር ጀመረች። በ2010 በሃርማራ ሳርፓንች ሆና ተመረጠች፤ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ያለ ሥልጣን ነው። በአንድ ወቅት ደመወዟን ከቆረጠው መዝገብ ጀርባ አሁን እሷ ተቀመጠች፤ ኮምፒውተሯ ፊቷ ነበር።

በታኅሣሥ 2014 የራጃስታን መንግሥት የምርጫ ሕጉን አሻሻለ። ሳርፓንች ለመሆን የሚወዳደር ሰው ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቁን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ አለበት ተባለ። በገጠር ራጃስታን ለብዙኃኑ ሴቶች፣ በተለይ በእሷ ዕድሜ ላሉት፣ ይህ በር መዝጋት ነው። ኖርቲ ኮምፒውተር ትችላለች፣ አምስት ዓመት አስተዳድራለች፣ የአገሪቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስፈረደ ተቃውሞ መርታለች። ቲሎኒያ ግን ወረቀት አትሰጥም።

ሕጉ የተሻረው በ2019 ነው።